የላም ኤቺንግ በሆላንዶች መንገድ፦ ከመዳብ እስከ ወረቀት

በ1650 ፓውሉስ ፖተር የተባለ ወጣት ሆላንዳዊ ሠዓሊ በስምንት ትንንሽ የመዳብ ፕሌቶች ላይ በሬና ላም ሠራ። ንጉሥ የለ፣ ቅዱስ የለ፣ የጦር ሜዳ የለ። ላሟ ቆማለች፣ ወይም ተኝታ ታመሰኳለች። ከኋላዋ ጠፍጣፋ ሜዳ አለ፣ ከበላይዋ ባዶ ሰማይ። እያንዳንዱ ሥዕል በግምት 10 በ14 ሴንቲ ሜትር ነው። ከብቱ ግን ግዙፍ ሆኖ ይታያል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ሥራ ከባዶ መዳብ እስከ ታተመ ወረቀት ያደርሳችኋል። አንድ ላም፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ ፕሌት። ኤቺንግ ምን እንደሆነ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። መዳቡን በስሱ ሰም ትቀቡታላችሁ። ሰሙን በመርፌ እየጫራችሁ ትሥላላችሁ። ከዚያ መዳቡን አሲድ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። አሲዱ የተጫረውን ቦታ ብቻ ይበላል። የተበላው መስመር ቀለም ይይዛል፤ ማተሚያው ያንን ቀለም ወደ ወረቀት ያስተላልፋል።

ጀማሪ ሰው ጉልበቱን ሁሉ ላሟ ላይ ያውላል። እኔ ግን ሁለት ነገር ይቅደም እላለሁ። አድማሱ ዝቅ ይበል፤ ርቀት ደግሞ በደቂቃ ይሠራ። ሁለተኛው ነገር ግልጽ የሚሆንላችሁ አሲዱ ጋ ስንደርስ ነው፤ የሚታቀደው ግን መርፌ ከመያዛችሁ በፊት ነው።

ደረጃ 1፦ ቁጭ ብላችሁ እዩ

በአምስተርዳም የሚገኘው ራይክስሙዚየም የኅትመት ስብስቡን በድረ ገጹ በነፃ አስቀምጧል። የፖተርን ስም ፈልጉና በ1650 የሠራቸውን በሬዎች በትልቁ አውርዱ። ስክሪናችሁ ላይ እስኪፈነዳ አሳድጋችሁ እዩት። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምም ብዙ አለው።

መጀመሪያ አድማሱን ፈልጉ። ፖተር የሚያየው ከታች ነው፤ ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው ከብቱን ቀና ብሎ እንደሚያየው። ሜዳው ከላሟ ሆድ ሥር ወይም ከእግሯ አካባቢ ያበቃል። ስለዚህ ጀርባዋና ቀንዷ ባዶ ሰማይ ላይ ያርፋሉ። ትንሿ ወረቀት ላይ ከብቱን ግዙፍ ያደረገው ይህ ነው። በ1647 የሣለውና ዛሬ በዘ ሄግ ማውሪትስሃይስ ሙዚየም የሚገኘው ትልቁ የበሬ ሥዕሉም አድማሱ ዝቅ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ በሬው በእውነተኛ ቁመቱ ነው የተሣለው።

ቀጥሎ የመስመሮቹን አቅጣጫ ተከተሉ። የላሟ ሰውነት በአንድ ወፍራም መስመር አልተከበበም። ብርሃን በሚያርፍበት ጀርባዋ ላይ መስመሩ ተቆራርጧል፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የለም። ሆዷ የተሠራው ከአጫጭር ጭረቶች ነው። ጭረቶቹ ጎድኗን ተከትለው ይጎብጣሉ፣ ዳሌዋ ላይ አቅጣጫ ይቀይራሉ። ጸጉር የሚበቅልበትን አቅጣጫ ነው የሚከተሉት።

ፖተር ብቻውን አልነበረም። ከእሱ በፊት ፒተር ቫን ላር፣ ጣሊያኖች ባምቦቾ ያሉት የሃርለም ሰው፣ ጣሊያን ሳለ በ1636 የቤት እንስሳት ኤቺንጎች አሳትሟል። ኒኮላስ ቤርኸም (1620–1683) እረኞቹንና ከብቶቹን በጣሊያን ፀሐይና በፍርስራሽ መካከል ያኖራል። ካረል ዱዣርዲን ዓሳማን፣ አህያንና በግን በልዩ ፍቅር ሠርቷል፤ ወደ 50 የሚጠጉ ኤቺንጎች አሉት። አድሪያን ቫን ደ ቬልደ በ35 ዓመቱ ነው የሞተው፤ በጎቹ ግን ከሁሉም ይበልጥ ለስላሳ ናቸው። ለመጀመሪያ ሥራ ማንን እንከተል ብትሉኝ እኔ ፖተርን እመርጣለሁ። መስመሩ ግልጽ ነው፤ ምን እንዳደረገ ይታያል። የቤርኸም ውበት ግማሹ ብርሃን ነው፤ እሱን ለመቅዳት እጅ መልመድ አለበት።

መቅዳት ያሳፍራል ብላችሁ አታስቡ። ማርኩስ ደ ባይ የተባለው ሆላንዳዊ የፖተርን እንስሳት ተከትሎ ብዙ ኤቺንጎች ሠርቷል። ሙያው የሚተላለፈው እንደዚህ ነበር።

ደረጃ 2፦ ንድፉን በወረቀት ጨርሱ

ወረቀት ላይ 10 በ14 ሴንቲ ሜትር ሳጥን አድርጉ። ከታች አንድ አራተኛው ላይ የአድማስ መስመር አስምሩ፤ ቢበዛ አንድ ሦስተኛው ላይ። ከዚያ አይለፍ።

ላሟን በጎኗ አቁሟት፤ ጭንቅላቷን ትንሽ ወደ እኛ አዙሩት። አራቱን እግሮች በትክክል አስቀምጡ። የፊት እግሮቿ እንደ ምሰሶ ቀጥ ይላሉ፣ የኋላዎቹ ግን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። የዳሌዋ አጥንት ጎላ ብሎ ይታይ። ፖተር ያንን አጥንት ሳያሳይ አያልፍም፤ የላሟ ክብደት የሚታወቀውም በእሱ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እጃችን የለመደው ሻኛ ያለውን ከብት ነው። የሆላንድ ላም ሻኛ የላትም። ከትከሻዋ እስከ ጭራዋ ሥር ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። ከአንገቷ በታች የሚንጠለጠለው ቆዳም ትንሽ ነው። ሳታስቡት ሻኛ ብታክሉበት ሥዕሉ ከሆላንድ ወጥቶ ቦረና ይገባል። ቦረናን መሥራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ይቻላል፤ ዘዴው አይለወጥም። ብቻ የመረጣችሁት ይሁን።

ከላሟ ኋላ ብዙ ነገር አትደርድሩ። አንድ የአጥር እንጨት፣ በርቀት ሁለት ዛፍ፣ ምናልባት የተኛች ሌላ ላም። ሬምብራንት በ1643 በሠራው የሦስቱ ዛፎች ኤቺንግ ላይ ሩቅ ሜዳው ውስጥ ከብቶችና ሰዎች አሉ፤ ካልተጠጉ አይታዩም። ሩቅ ነገር እንደዚያ ይነስ።

ኅትመቱ ግራና ቀኙ ተገልብጦ እንደሚወጣ አትርሱ። ላሟ በኅትመቱ ላይ ወደ ግራ እንድታይ ከፈለጋችሁ ፕሌቱ ላይ ወደ ቀኝ ታያለች። ንድፉን በትሬሲንግ ወረቀት፣ ማለትም በሚያሳየው ስስ ወረቀት፣ ቅዱ፣ ከዚያ ወረቀቱን አዙራችሁ ከጀርባው ሥሩ። ፊርማችሁና ዓመተ ምሕረቱም እንደዚሁ ተገልብጠው ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ ሦስት ዞን

የንድፉን ኮፒ ያዙና በሦስት ቀለም እርሳስ ከፋፍሉት። አንደኛው ዞን ሩቁ ነው፦ አድማስ፣ ሩቅ ዛፍ፣ በብርሃን ያለው የላሟ ጀርባ። ሁለተኛው መካከለኛው ነው፦ የላሟ ጎን፣ አንገት፣ ፊት፣ የአጥር እንጨት። ሦስተኛው ቅርቡ ነው፦ ከፊት ያለው ሣርና ቅጠል፣ ከሆዷ በታች ያለው ጥላ፣ ሰኮናዋ፣ ዐይኗ፣ የቀንዷ ጥላ ጎን።

አንደኛው ዞን አሲድ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ሦስተኛው ረጅም ጊዜ ይቆያል። ረጅም የተበላ መስመር ጥልቅና ሰፊ ይሆናል፣ ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ጠቁሮ ይወጣል። ሩቁ ሐመር፣ ቅርቡ ጥቁር የሚሆነው በእጅ ጫና ሳይሆን በሰዓት ነው። ይህን ወረቀት አትጣሉት፤ አሲዱ ጋ ስትደርሱ ፊታችሁ ትለጥፉታላችሁ።

ደረጃ 4፦ መዳቡን አዘጋጁ

ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ በቂ ነው። አራቱን ጠርዞች በሞረድ 45 ዲግሪ ሰያፍ አድርጋችሁ ሞርዱ። ሹል ጠርዝ ወረቀቱንም ፌልቱንም፣ ማለትም የማተሚያውን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ ጭረት ካለ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሹት፣ ከዚያ በብረት ማጽጃ ክሬም አብሩት። ያልጠፋ ጭረት ሁሉ ሰማዩ ላይ መስመር ሆኖ ይታተማል።

ቀጥሎ ቅባቱን አስወግዱ። የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ትንሽ አሞኒያ ለውሳችሁ በጥጥ እሹት፣ በውሃ አጥቡ። ውሃው ሳይሰባሰብ ፊቱን ሁሉ ከሸፈነ ንጹሕ ነው። ጠብታ ጠብታ ከሆነ ቅባት አለበት ማለት ነው፤ ድገሙት። ከዚህ በኋላ ፊቱን በጣት አትንኩ።

አንድ ትንሽ ቁራጭ መዳብም አብራችሁ አዘጋጁ። ለሙከራ ነው።

ደረጃ 5፦ ሰሙና ጧፉ

ኳስ ወይም ኬክ ሆኖ የሚሸጥ የኤቺንግ ሰም አለ። በውስጡ የንብ ሰም፣ ሬንጅ የሚመስል አስፋልተምና ሙጫ ነው ያለው። ፕሌቱን ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በቀስታ አሙቁ። ሰሙ ሲነካው እንዲቀልጥ ነው፣ እንዲጨስ አይደለም። ከጨሰ ተቃጥሏል፤ ኋላ አሲድ ውስጥ ይላጣል። የቀለጠውን በሮለር በስሱ ዘርጉት። የመዳቡ መልክ በቡናማው ውስጥ እያሳየ ከሆነ ውፍረቱ ልክ ነው።

ሰሙ ሳይቀዘቅዝ ይጠስ። ጥቂት ጧፎች በአንድ ላይ እሰሩና አብሩ። ፕሌቱን በመቆንጠጫ ይዛችሁ ፊቱን ወደ ታች አድርጉ፣ ጧፉን ከሥሩ አዟዙሩ። የነበልባሉ ጫፍ ሰሙን አይንካ፤ አንድ ቦታም አይቁም። ጥቀርሻው ከሰሙ ጋር ተዋሕዶ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያበራ ጥቁር ይሆናል። የድሮ ኤቺንግ ሠሪዎችም በሰም ሻማ ነበር የሚያጥኑት። ጥቅሙ በጥቁሩ ላይ የምትጭሩት መስመር እንደ ወርቅ ጎልቶ መታየቱ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ጸጉራችሁን እሰሩ። ጀርባውንና ጠርዙን ደግሞ በቫርኒሽ ቀቡ፤ ካልሆነ አሲዱ ከጀርባ መብላት ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ በመርፌ መሣል

የተገለበጠውን ንድፍ በቀይ የካርቦን ወረቀት አሳርፉበት። መርፌውን እንደ እስክሪብቶ ያዙ። ጫፉ ትንሽ የደነዘዘ ይሁን፤ ሰሙን መክፈት እንጂ መዳቡን መቧጨር አያስፈልግም። የምትፈልጉት መርፌው እየተንሸራተተ መዳቡ እንዲገለጥ ብቻ ነው። እጃችሁ ሰሙን እንዳይነካ ከሥሩ ወረቀት አድርጉ።

ከሩቁ ጀምሩ። አድማሱን በአንድ ቀጥተኛ መስመር አትዝጉት። አጫጭር አግድም ጭረቶች ይበቃሉ፤ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር። አየር የሚገባው በዚያ ነው። ሩቅ ዛፎች ቅጠል የላቸውም፤ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን ጭረቶች ብቻ ናቸው።

ከዚያ ላሟ። ይህን ክፍል አትቸኩሉ። ከትከሻዋ ጀምሩና ጭረቱን ከላይ ወደ ታች እንደ ሰውነቷ ጉብታ አጉብጡት። እያንዳንዱ ጭረት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጎድኗ ላይ ይርዘም፣ ዳሌዋ ላይ ይጠር፣ ፊቷ ላይ በጣም ይጠር። ጥላ በሚሆንበት ቦታ መጀመሪያ የጭረቱን ቁጥር አብዙ። ሁለተኛ መስመር አቋርጣችሁ መደረብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማቋረጡም በሹል ማዕዘን እንጂ እንደ ወንፊት ቀጥ ብሎ አይሁን፤ ወንፊት የሆነ ጥላ ቆዳ አይመስልም። ጸጉሩ ለስላሳ በሆነበት፣ በአንገቷና በጆሮዋ ሥር፣ ጭረቱ እየጠበበ ነጠብጣብ ይሁን።

ቡራቡሬ ላም ከሆነች ጥቁሩን ቀለሟን ከጥላዋ ለዩት። ጥቁሩ ቦታ በአንድ አቅጣጫ የሄደ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ነው። ጥላው ግን ነጩንም ጥቁሩንም አቋርጦ ያልፋል። ይህን ያልለየ ሰው ላሟን የተቀዳደደች ያስመስላታል። ፖተር እዚህ ላይ ነው የሚያስደንቀኝ። ቀለምም፣ ብርሃንም፣ ጸጉርም በአንድ ዓይነት መስመር ይነግራችኋል፤ አንዳቸውም ከሌላው አይምታቱም።

ግቷንና የእግሮቿን መካከል በደንብ አጥኑ። እግሮቿ ሣሩ ውስጥ ይግቡ፤ ሰኮናዋ ሙሉ በሙሉ ከታየ አየር ላይ የቆመች ትመስላለች። ጭራዋን ከሥሩ ወደ ጫፉ በረጃጅም መስመሮች ልቀቁት።

ሣሩ ከፊት ይሁን እንጂ ሜዳውን ሁሉ አይሙላ። አንድ ጥግ ላይ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል አድርጉ። ሆላንዶቹ ይህን ደጋግመው ይጠቀሙበታል፤ የጠቆረው ቅጠል ላሟን ወደ ኋላ ይገፋታል። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፦ ረጅም ጊዜ የሚበላ መስመር ይሰፋል። ስለዚህ የቅርቡን ዞን መስመሮች አራርቋቸው፣ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር። ከተጠጋጉ በመካከላቸው ያለው መዳብ ተበልቶ አንድ ሰፊ ጉድጓድ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ቀለም አይዝም፣ ጠቁሮ መውጣት ሲገባው ግራጫ ይሆናል። ሩቁን ግን ብታጠጋጉትም አይጎዳም።

ሰማዩን ተዉት። ደመና ልሥራ የሚል ስሜት ይመጣል። አይሆንም። የላሟን ጀርባ የያዘው ያ ባዶ ነጭ ነው።

ደረጃ 7፦ በአሲድ ማስበላት

ፌሪክ ክሎራይድ ተጠቀሙ። ስሙ አሲድ ይባል እንጂ የብረት ጨው ነው፤ መርዘኛ ጭስ እንደሚያወጣው ናይትሪክ አሲድ አይደለም። የሰርኪውት ቦርድ ለመሥራትም ስለሚያገለግል በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይገኛል። ፈሳሹን ማግኘት ይሻላል፤ ለኤቺንግ የተለመደው ጥንካሬ 42 ቦሜ (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ዱቄት ብቻ ከተገኘ ዱቄቱን ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ ዱቄቱ በፍጹም አታፍስሱ፣ በጣም ይሞቃል። ጓንትና የዐይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን። በድሮ መጻሕፍት የሆላንድ አሲድ የሚባል ውሕድ ብታገኙ አትሞክሩት፤ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

መጀመሪያ የሙከራውን ቁራጭ አስበሉ። አምስት ቦታ ትይዩ መስመሮችን ጭራችሁ በ5፣ በ10፣ በ20፣ በ40 እና በ80 ደቂቃ አንድ በአንድ በቫርኒሽ ዝጉ። ስታትሙት የራሳችሁን ፈሳሽ ፍጥነት ታውቃላችሁ። ሙቀትና ጥንካሬ ሁሉን ስለሚለውጡ የሌላ ሰው ደቂቃ ለእናንተ አይሠራም። ለመነሻ ያህል ግን በሞቃት ክፍል 10 ደቂቃ ቀጭን ግራጫ፣ አንድ ሰዓት ያለፈው ደግሞ ወፍራም ጥቁር ይሰጣል።

አሁን ላሟ። ፌሪክ ክሎራይድ ሲበላ ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩ መስመሩ ውስጥ ተቀምጦ መብላቱን ያዘገያል። ስለዚህ ፕሌቱን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በአራት ማዕዘኑ ትንንሽ ድጋፍ ላይ አሳርፉት፣ ወይም በቁሙ ንከሩት። ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጡ፣ በብዙ ውሃ አጥቡ፣ ሳትጠርጉ አድርቁ። የአንደኛውን ዞን መስመሮች በቀጭን ብሩሽ በቫርኒሽ ሸፍኑ። ቫርኒሹ ሲደርቅ ለ20 ደቂቃ መልሱት። አውጡ፣ አጥቡ፣ ሁለተኛውን ዞን ሸፍኑ። የቀረውን ለ40 ደቂቃ። በድምሩ ሩቁ 10፣ ላሟ 30፣ ቅርቡ 70 ደቂቃ በላ ማለት ነው። ሙከራው ሌላ ካሳየ ቁጥሩን አስተካክሉ።

ሲያልቅ ሰሙንና ቫርኒሹን በአኳራጅ አጽዱ። መዳቡ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ከቀረ ኮምጣጤና ጨው ያነሣዋል። ያገለገለውን ፈሳሽ በፕላስቲክ ዕቃ ከድናችሁ አስቀምጡ፤ ደጋግሞ ይሠራል። ሲደክም ለኬሚካል ቆሻሻ ሰብሳቢ ስጡ። ውስጡ መዳብ ስላለ ለውሃና ለአፈር መርዝ ነው፤ ቧንቧውንም ይበላል፤ ስለዚህ ሲንክ ውስጥ አይደፋ።

ደረጃ 8፦ ማተም

ፕሬሱ ውድ ነው፤ መግዛት የለባችሁም። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ከተሞች በሰዓት የሚከራዩ የኅትመት ስቱዲዮዎች አሉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የኅትመት ጥበብ የተማረ ሰው ፈልጉ።

በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ለግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ንከሩ። ከዚያ በመምጠጫ ወረቀት መካከል ተጫኑት፤ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይብለጭለጭበት። ፕሌቱን ለብ አድርጋችሁ ዘይትነት ያለውን የኤቺንግ ቀለም በካርቶን ቁራጭ ዘርጉ፣ መስመሩ ውስጥ ግፉት። በታርላታን፣ ማለትም ደረቅ ሻሽ በሚመስለው ጨርቅ፣ እያዞራችሁ ጥረጉ። መጨረሻ ላይ የእጅ መዳፋችሁን ትንሽ የኖራ ድንጋይ ዱቄት አስነክታችሁ በፍጥነትና በቀላሉ አሻሹበት። ሰማዩ መብራት አለበት። ሬምብራንት አንዳንዴ ፊቱ ላይ ስስ ቀለም እየተወ ያትም ነበር፤ ለምሽት ያምራል። ለዚህች ላም ግን ንጹሕ አድርጋችሁ ጥረጉ። ጠርዙንም አትርሱ።

ፕሌቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ማተሚያው ላይ አኑሩ፣ እርጥቡን ወረቀት አልብሱት፣ ፌልቶቹን ደርቡ፣ ሳትቆሙ በዝግታ አሳልፉ። ወረቀቱን ከአንድ ጥግ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንሡ።

ደረጃ 9፦ ማረም

የመጀመሪያው ኅትመት የሙከራ ነው። ግድግዳ ላይ ስቀሉና ራቅ ብላችሁ እዩት። ላሟ ከሜዳው ጋር ከተጣበቀች ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሩቁ ነው፤ ጠቁሯል። የጠቆረውን በፋቂ ብረት ፍቁት፣ ከዚያ በማለስለሻው ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እሹት። ጥላው ከሳሳ ፕሌቱን እንደገና ሰም ቀብታችሁ መስመር ጨምሩና አስበሉ። የዐይን ሽፋሽፍት፣ የአፍንጫ ጸጉር፣ አንድ ሁለት የሣር ጫፍ ከጎደለ ያለ አሲድ በሹል መርፌ በቀጥታ መዳቡን ቧጭሩ። ፖተርም በ1643 የሠራውን የከብት እረኛ ኤቺንግ በ1649 ተመልሶ ሠርቶበታል።

ኅትመቱ በመምጠጫ ወረቀቶች መካከል ክብደት ተጭኖበት ይድረቅ፤ ወረቀቱን በየቀኑ ቀይሩለት። ዛሬ የተለመደው ከሥዕሉ በታች በእርሳስ ቁጥርና ፊርማ ማድረግ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቁጥር አልነበረም። ፕሌቱ እስኪያልቅ ይታተም ነበር፤ ከሠዓሊው ሞት በኋላ እንኳ በአሳታሚ እጅ ሥራውን ይቀጥላል። የእናንተም እንዲቆይ መዳቡን በስሱ ቫዝሊን ቀብታችሁ በወረቀት ጠቅልሉት።